ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት፦ የኒውክሌር ቁሶች ሲጓጓዙ ሕዝብን ስለ ማነጋገር

ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ፣ ዩራኒየም፣ እንዲሁም ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ የሚውሉ የጨረራ ምንጮች በሚጓጓዙበት ጊዜ በመንገዱ ዳር ከሚኖሩ ሰዎች፣ ከወደብ ሠራተኞችና ከአካባቢ አስተዳዳሪዎች ጋር መነጋገር ለብዙ ዓመታት የእኔ ሥራ ነበር። ይህን የምጽፈው ነገ በዚህ ጉዳይ ሰብሰብ ባለ ሕዝብ ፊት ለሚቆም ሰው ነው። የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ፣ የአጓጓዥ ድርጅት ኃላፊ፣ ወይም ጭነቱ በእሱ አካባቢ እንደሚያልፍ ትናንት የሰማ አስተዳዳሪ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ እኛ ተዘጋጅተን የምንሄደው ስለ ማሸጊያው ጥንካሬ ለመናገር ሲሆን፣ ሰዎቹ የሚመጡት ግን ከማሸጊያው ጀርባ ስለቆሙት ሰዎች ለመጠየቅ ነው።

ስለ ማሸጊያው የምንናገረው ነገር እውነት ነው፣ መናገሩም ተገቢ ነው። በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የማጓጓዣ ደንብ መሠረት ከፍተኛ ጨረራ ያላቸው ቁሶች የሚጫኑባቸው «ዓይነት ቢ» የሚባሉት ማሸጊያዎች ከ9 ሜትር ከፍታ ፈጽሞ በማይበገር ወለል ላይ ቢወድቁ፣ ከ1 ሜትር ከፍታ በቆመ የብረት ዘንግ ላይ ቢያርፉ፣ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እሳት ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆዩና በውኃ ውስጥ ቢጠልቁ ይዘታቸውን ጠብቀው እንደሚቆዩ መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ማሸጊያ የጫነ ከባድ መኪና ከኮንክሪት ግድግዳ ጋር አጋጭቶ ሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በብሪታንያ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ባቡር ሆን ተብሎ ከአንድ ማሸጊያ ጋር እንዲላተም ተደርጎ ማሸጊያው ሳይከፈት ቀርቷል። የእነዚህን ሙከራዎች ፊልም ብዙ ጊዜ አሳይቻለሁ፤ ሰዎችም በትኩረት ይመለከቱታል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግን ከፊልሙ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከእነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ሣጥኑ እንደማይሰበር አሳያችሁን፤ እሺ ብያለሁ። መኪናው ሌሊት ቢገለበጥ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ማን ነው? ምን ማድረግ እንዳለበትስ ነግራችሁታል?» አሉ። የአካባቢው የእሳት አደጋ ቡድን ኃላፊ ከስብሰባው በፊት ሥልጠናውን ጨርሰው ስለነበር ከሕዝቡ መካከል ተቀምጠዋል። ማንም ሳይጋብዛቸው ተነሥተው፣ ባዶውን ማሸጊያ በእጃቸው እንደነኩት፣ የጭነቱን ሰነድ ከሾፌሩ ክፍል እንዴት እንደሚያወጡና ስንት ሜትር ርቀው አካባቢውን እንደሚያጥሩ ተናገሩ። አስከትለውም፣ «አንድ የጨረራ መለኪያ አለን፤ ሁለተኛ ጠይቀናል፣ ገና አልደረሰንም» አሉ። የአዳራሹን ስሜት የለወጠው ከሁሉ ይልቅ ይህ የመጨረሻው ቃል ነበር። የጎደለውን ያልደበቀ ሰው፣ አለኝ ያለውንም ሰዎች ያምኑለታል።

ስለዚህ የሥራውን ቅደም ተከተል በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ከነዋሪው በፊት የእሳት አደጋ፣ የፖሊስና የአምቡላንስ ሠራተኞችን አሠልጥኑ፣ ከዚያም ለሕዝቡ የሚናገሩት እነሱ ይሁኑ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት በካርልስባድ አቅራቢያ የሚገኘው የከርሰ ምድር የኒውክሌር ቆሻሻ ማስቀመጫ እ.ኤ.አ. በማርች 1999 የመጀመሪያውን ጭነት ከመቀበሉ በፊት፣ መንገዱ የሚያቋርጣቸው ግዛቶችና የአገሬው ተወላጅ ማኅበረሰቦች በዕቅዱ ውስጥ ገብተው ነበር፤ በመንገዱ ላይ ያሉ የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ሠልጥነዋል፣ ባዶ ማሸጊያም በየከተማው እየዞረ ለሕዝብ ታይቷል። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ጭነቱ መንገድ ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ማብራሪያ ማስተባበያ ይመስላልና ሰሚ አያገኝም።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ በሚነገረውና በማይነገረው መካከል ድንበር ማበጀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኒውክሌር ቁሶች አካላዊ ጥበቃ ስምምነት፣ አባል አገሮች በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ የኒውክሌር ቁሶችን እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ጥበቃው ደግሞ የመነሻው ሰዓት፣ ትክክለኛው መስመርና የአጀቡ ብዛት በጥቂት ሰዎች ዘንድ ብቻ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ነዋሪው ግን «ይህ አይነገርም» የሚለውን ሲሰማ የሚደርሰው መልእክት «የተደበቀ አደጋ አለ» የሚል ነው። በዚህ ላይ የጥበቃ ኃላፊው ዝምታን ሲመርጥና የሕዝብ ግንኙነቱ ግልጽነትን ሲሻ፣ ሁለቱ በሕዝብ ፊት ሲጋጩ ከማየት የከፋ ነገር የለም።

የምሠራበት ዘዴ ይህ ነው። ከማንኛውም ስብሰባ በፊት ከጥበቃ ኃላፊዎች ጋር ተቀምጠን የሚነገረውንና የማይነገረውን በጽሑፍ እንለያለን፤ ያ ጽሑፍ ራሱ በስብሰባው መጀመሪያ ላይ ይነበባል። የቁሱ ዓይነት፣ የሚጓጓዝበት ምክንያት፣ የማሸጊያው ደረጃ፣ ፈቃዱን የሰጠው አካልና አደጋ ቢደርስ ኃላፊነቱን የሚወስደው ድርጅት ይነገራሉ። ሰዓቱ፣ መስመሩና የጠባቂዎቹ ቁጥር አይነገሩም፤ የማይነገሩበት ምክንያት ግን አንድ በአንድ ይነገራል። «ሰዓቱን የማልነግራችሁ እናንተን ስለማላምን አይደለም፤ እዚህ የተነገረ ነገር እዚህ ብቻ ስለማይቀር ነው» ብዬ በግልጽ ስናገር የሚቆጣ ሰው ያጋጠመኝ ከስንት አንዴ ነው። ከዚህ ጋር ከእነሱ መካከል ሰዓቱን የሚያውቀው ማን እንደሆነ አብሬ እገልጻለሁ፤ ለምሳሌ የፖሊስ አዛዡና የእሳት አደጋ ኃላፊው ያውቃሉ፣ ሆስፒታሉ ዝግጁ እንዲሆን ይነገረዋል። ሰዎች ሁሉን ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ የሚለው ግምት ልክ አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚፈልጉት የሚያውቁትና የሚያምኑት ሰው እንዲያውቅላቸው ነው። በመጨረሻም ጭነቱ በሰላም በደረሰ ጊዜ መድረሱ ይፋ እንደሚሆን ቃል እገባለሁ፤ ይህ ቃል መቼም ቢሆን መታጠፍ የለበትም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ልጨምር። «የጥበቃ ጉዳይ ነው» የሚለው ሐረግ ለጥበቃ ብቻ ይዋል። የመዘግየት ምክንያትን፣ የወጪ ጭማሪን ወይም የሰነድ ጉድለትን በዚህ ሐረግ የሸፈነ መሥሪያ ቤት፣ በእውነት መሸሸግ ያለበት ነገር ሲመጣ የሚያምነው አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ አካትሱኪ ማሩ የተባለችው መርከብ ለኒውክሌር ቦምብ ሊውል የሚችል ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ፕሉቶኒየም ጭና ከፈረንሳይ ወደ ጃፓን ስትጓዝ መስመሯ በምስጢር ተይዞ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ልታልፍባቸው ትችላለች ተብለው የተገመቱ ብዙ አገሮች ወደ ውኃቸው እንዳትጠጋ ጠየቁ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1993 ያለ አደጋ ደረሰች። የምስጢሩ ምክንያት የሚያሳምን ነበር፤ ምስጢሩ የተወውን ክፍት ቦታ ግን ግምት ሞላው፣ ግምትም ድንበር የለውም።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1998 በአውሮፓ የሆነውን እንዲያጠና አጥብቄ እመክራለሁ። ያገለገለ ነዳጅ የሚጫንባቸው ማሸጊያዎች ነዳጁን የሚቀበሉት በውኃ ገንዳ ውስጥ ነው። ከገንዳው ሲወጡ ታጥበው ይለካሉ፤ በውጭ ገጻቸው ላይ የሚፈቀደው ብክለት ለአብዛኞቹ ቁሶች በካሬ ሴንቲ ሜትር 4 ቤኬሬል (የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ) ነው። ይሁን እንጂ በቀለሙና በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የተደበቀ ብክለት በጉዞ ላይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ለውጥ ምክንያት ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ሲነሣ ንጹሕ የነበረ ማሸጊያም ሲደርስ ከወሰኑ በላይ ሆኖ ይገኛል። በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ መካከል በሚጓጓዙ ጭነቶች ላይ ይህ ለዓመታት ሲከሰት ኖሯል። በጤና ላይ ያስከተለው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ኢንዱስትሪው ግን እያወቀ ለተቆጣጣሪዎችና ለሕዝብ አልተናገረም። ነገሩ ሲወጣ በጀርመን የወቅቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር አንጌላ ሜርክል ጭነቶቹን አገዱ፤ የኒውክሌር ቆሻሻ ማከማቻ ወዳለበት ወደ ጎርሌበን የሚሄዱት ጭነቶችም እንደገና የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ይህን ታሪክ ለባልደረቦቼ ስነግር አንዳንዶቹ «ጨረራው ጥቂት ከነበረ ለምን ይህን ያህል ቁጣ?» ይላሉ። ቁጣው የቤኬሬሉ ልክ አይደለም። ሰዎች ቤኬሬል መለካት አይችሉም፤ አንድ መሥሪያ ቤት የሚያውቀውን ነገር ስንት ዓመት እንደያዘው ግን መቁጠር ይችላሉ። ስለዚህ ከወሰን ያለፈ ማንኛውም ልኬት፣ ጉዳት ባያስከትልም፣ ማንም ሳይጠይቅ በአንድ ገጽ ጽሑፍ እንዲወጣ አደርግ ነበር፤ የተገኘው ቁጥር፣ የተፈቀደው ወሰን፣ በማን እንደተለካ፣ ከዚያ በኋላ የተደረገው። በመጀመሪያ ጊዜ አለቆች ይሰጋሉ፤ ጋዜጠኞችም ይጽፋሉ። ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ግን ሪፖርቱ ዜና መሆኑ ይቀርና መዝገብ ይሆናል፤ ክርክር ሲነሣም ነዋሪዎቹ ራሳቸው መዝገቡን ይጠቅሳሉ።

ስለ ቁጥሮች አነጋገር የማየው የተለመደ ችግር ንጽጽርን ለማስረጃነት ሳይሆን ለማስታገሻነት መጠቀም ነው። «ከራጅ ምርመራ ያነሰ ነው» የሚል ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰሚው ግን ራጁን የተነሣው ፈልጎ፣ ለጥቅሙ፣ ሐኪሙን አምኖ እንደሆነ ያስታውሳል። የጭነቱን ጉዳይ ግን የጠየቀው የለም። እኔ የምመርጠው በተሽከርካሪው ላይ ከሚታየው ነገር መነሣት ነው። ቢጫና ነጭ በሆነው የጥቅል ምልክት ላይ በትንሽ ሣጥን ውስጥ የሚጻፍ ቁጥር አለ፤ የማጓጓዣ ኢንዴክስ ይባላል። ከጥቅሉ ገጽ በ1 ሜትር ርቀት ላይ በሰዓት የሚለካው የጨረራ መጠን በሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው ጨረራ በሚለካበት አሐድ) ተወስዶ በ100 ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው። እንግዲህ ሣጥኑ ውስጥ 1 ከተጻፈ፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ የቆመ ሰው የሚያገኘው 0.01 ሚሊሲቨርት ነው። ከተፈጥሮ ምንጮች አንድ ሰው በዓመት የሚያገኘው የዓለም አማካይ መጠን 2.4 ሚሊሲቨርት ስለሆነ፣ ያ አንድ ሰዓት ከአንድ ቀን ተኩል የተፈጥሮ ጨረራ ጋር ይቀራረባል። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ከሰዎቹ ጋር አብሬ እሠራዋለሁ። ምልክቱን ማንበብ የተማረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እኔን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

መለኪያ መሣሪያውንም በነዋሪዎች እጅ መስጠት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጭነቱ በአካባቢው ከመታየቱ በፊት ይሁን። መሣሪያው ባዶ ሜዳ ላይ እንኳ ይንጫጫል፤ ጨረራ በአፈሩም በድንጋዩም አለና። ድምፁን መጀመሪያ ጊዜ ጭነቱ አጠገብ የሰማ ሰው ይደነግጣል፤ አስቀድሞ በግቢው የለካ ሰው ግን ቁጥሩን ከቁጥር ጋር ያነጻጽራል።

«ጨረራው አነስተኛ ነው» የሚለው መልስ ትክክለኛውን አደጋ ሊሸፍን እንደሚችልም ልብ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1984 ሞን ሉዊ የተባለችው የፈረንሳይ የጭነት መርከብ በቤልጂየም ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ (የኒውክሌር ነዳጅ ለማዘጋጀት የሚውል የዩራኒየም ውሕድ) የተሞሉ 30 ሲሊንደሮች ይዛ ነበር፤ ሁሉም ከባሕር ወጥተዋል። ይህ ቁስ ከውኃ ጋር ሲገናኝ መርዛማና የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይፈጥራል፤ ዋናው ሥጋት ኬሚካላዊ ነው። ለእንዲህ ያለ ጭነት ስለ ጨረራ ብቻ የሚያስረዳ ሰው እውነት እየተናገረ ሰዎችን ያሳስታል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በምዕራብ አውስትራሊያ 8 ሚሊ ሜትር ቁመትና 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ብርቱ ጨረራ የምታወጣ የሲዚየም 137 ካፕሱል 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን የጭነት ጉዞ ላይ ጠፍታ ነበር። ባለሥልጣናቱ የካፕሱሏን መጠን ከሳንቲም ጋር አስተያይተው በሥዕል አሳዩ፤ አትንኩ፣ ቢያንስ 5 ሜትር ራቁ፣ ደውሉ፣ በዚያ መንገድ የተጓዛችሁ ጎማችሁን ፈትሹ አሉ። ስለ አቶም አንድም ትምህርት ሳይሰጡ ማንም ሊፈጽመው የሚችል መመሪያ ሰጡ፤ ካፕሱሏም በፌብሩዋሪ 1 ቀን ከመንገድ ዳር ተገኘች።

ከሕዝብ ፍርሃት ይልቅ ብዙም የማይነገርለት የአጓጓዦች እምቢታ ነው። ከዓለም የራዲዮአክቲቭ ጭነት አብዛኛው ለሕክምና፣ ለኢንዱስትሪና ለምርምር የሚውል ነው፤ ለሕክምና ምርመራ የሚውለው ሞሊብዲነም 99 ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ስለሆነ፣ ማለትም በየ66 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ አንድ አውሮፕላን ጥቅሉን አልቀበልም ካለ፣ ቀጠሮ የያዙ ሕሙማን ምርመራ ይሰረዛል። ካፒቴኖችንና የወደብ ኃላፊዎችን ሳነጋግር እምቢታቸው ከጨረራ ፍርሃት ብቻ እንደማይመነጭ ተረድቻለሁ፤ የሚቀጥለው ወደብ ሊከለክለኝ ይችላል፣ የየአገሩ ሰነድ የተለያየ ነው፣ ሠራተኞቼ ሥልጠና የላቸውም ይላሉ። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ቅስቀሳ አይደለም፤ ሰነዱን አብሮ ማዘጋጀት፣ የሚቀጥለው ወደብ መፍቀዱን በጽሑፍ ማምጣትና ጫኚዎቹን በፈረቃቸው ሰዓት ሄዶ ማሠልጠን ነው። በሌላ በኩል ስለ ያገለገለ ነዳጅ ለሚጠይቁ ሰዎች የካንሰር ሕሙማንን እየጠቀሱ መመለስ ተገቢ አይመስለኝም። የአንዱ ጭነት ጥቅም ለሌላው ጭነት መከራከሪያ ሲሆን ሰዎች ይታዘባሉ፣ ትዝብታቸውም ልክ ነው።

ተቃውሞንም በተመለከተ እንዲሁ። በጀርመን ወደ ጎርሌበን ይሄዱ የነበሩት ጭነቶች እስከ መጨረሻው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ፣ ብዙ ሺህ ፖሊስ የሚያሰማራ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። ሰልፈኞቹ ማሸጊያው ይሰበራል ብለው ብቻ አልነበረም መንገድ የዘጉት፤ የኒውክሌር ኃይል ይቀጥል ወይስ ይቁም፣ ቆሻሻውስ ለዘለቄታው የት ይቀበር የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም ብለው ነው። የማጓጓዣ ባለሙያ ይህን ጥያቄ በ9 ሜትር የውድቀት ሙከራ ሊመልሰው አይችልም። እኔ በግልጽ፣ «ይህን የመወሰን ሥልጣን የለኝም፤ ሥልጣን ያለው እገሌ የተባለው መሥሪያ ቤት ነው» እላለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ የዚያ መሥሪያ ቤት ሰው እንዲገኝ አደርጋለሁ። ካልመጣ አለመምጣቱን እናገራለሁ።

በጉዞ ላይ ያለ ጭነት ሲቆም ወሬው ከጭነቱ ይፈጥናል። አንድ ጊዜ የተሽከርካሪው ጎማ ፈነዳና አጀቡ መንገድ ዳር ቆመ፤ ወዲያውኑ የሚያብለጨልጩ የፖሊስ መኪኖች ፎቶ በስልክ ተሠራጨ፣ «ፈሰሰ» የሚል ቃልም ተጨመረበት። ምርመራ እስኪያልቅ ዝም እንበል የሚል ሐሳብ ነበር። ያወጣነው ግን አራት ዓረፍተ ነገር ነው፦ የተሽከርካሪው ጎማ ፈንድቷል፤ ማሸጊያው ካለበት አልተነቃነቀም፤ በአጠገቡ የተለካው የጨረራ መጠን ከመነሻው ልኬት ጋር አንድ ነው፤ ቀጣዩን መረጃ በዚህ ሰዓት እንሰጣለን። በተባለው ሰዓት አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲስ ነገር እንደሌለ ተናገርን። ለዚህ የሚያስፈልገው ጽሑፉን የማውጣት ሥልጣን በተረኛው ሰው እጅ እንዲሆን፣ ለአካባቢው ሬዲዮ፣ ለፖሊስና ለሆስፒታል ያው ጽሑፍ በአንድ ጊዜ እንዲደርስና ማንም በራሱ ቃል እንዳያሻሽለው አስቀድሞ መስማማት ነው። ጎማ በተነፈሰበት ሌሊት ፊርማ የሚያስፈልጋቸው አምስት አለቆች ካሉ፣ ጽሑፉ የሚወጣው ከወሬው በኋላ ነው።

ጭነቱ ካለፈ በኋላ ወደ እነዚያው ሰዎች መመለስ ብዙዎች የሚዘነጉት ሥራ ነው፤ በጀት የሚያዝለትም አልፎ አልፎ ነው። ስትመለሱ በመንገዱ ላይ የተወሰዱትን ልኬቶች፣ ባለፈው ስብሰባ ተጠይቀው መልስ ያላገኙትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ አሁንም መልስ የሌላቸውንም ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። የሰጣችሁት የስልክ ቁጥር በሚቀጥለው ጭነት ጊዜም ያው ቁጥር ይሁን፤ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ከተቀየረም አዲሱን ሰው በአካል ወስዳችሁ አስተዋውቁ።